ቡድንዎ በድራፍቱ ኳርተርባክ አስቀድሞ ይምረጥ ወይስ ይታገሥ? ውሳኔውን ለመመዘን የሚረዳ መመሪያ

በየዓመቱ በኤፕሪል ወር መጨረሻ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ለ32ቱ ቡድኖቹ የሚያከፋፍልበት ድራፍት ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ጎልቶ ይነሣል። የሚያምነው ኳርተርባክ፣ ማለትም የቡድኑን ማጥቃት የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች፣ የሌለው ቡድን የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ለአንድ ወጣት ኳርተርባክ ያውለው ወይስ በሌላ ቦታ የሚጫወት አስተማማኝ ሰው ወስዶ ኳርተርባኩን በኋላ ይፈልግ? ይህ መመሪያ የተጻፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ ወይም በቴክሳስ እየኖረ ይህን ጨዋታ ከልጆቹ ጋር መከታተል ለጀመረ፣ የድራፍቱን ምሽት ክርክርም በራሱ ሚዛን መዳኘት ለሚሻ አንባቢ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አቋሜንም ከመነሻው ላስታውቅ። ቡድኑ ኳርተርባክ ከሌለው፣ የምርጫው ተራ ከሌላ ቡድን የተገዛ ሳይሆን የራሱ ከሆነ፣ ወጣቱንም ኳርተርባክ በማይቸግረው ዓመት እንኳ በዚያው ከፍታ ይመዝነው ከነበረ፣ ሳይፈራ ይምረጠው። ስለ ቸገረው ብቻ የሰውየውን ሚዛን ከፍ ካደረገ፣ ይልቁንም ለዚያ ሲል የመጪዎቹን ዓመታት ምርጫ አሳልፎ ከሰጠ ግን ስህተት እየሠራ ነው። ቡድንዎ ከሁለቱ በየትኛው በኩል እንዳለ ለማወቅ የሚከተሉትን ነገሮች መመርመር ይጠቅማል።

ገንዘቡ የሚናገረው

ድራፍቱ ሰባት ዙር አለው፤ ባለፈው የውድድር ዘመን ከሁሉ የከፋ ውጤት ያስመዘገበው ቡድን በየዙሩ ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመርጣል። ስለዚህ ከላይ የሚመርጥ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ነገር የጎደለው ቡድን ነው፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን። ለጊዜው ማወቅ የሚያስፈልገው የውሉ ዋጋ በ2011 እንዴት እንደ ተለወጠ ነው። በ2010 የሴንት ሉዊስ ራምስ ቀዳሚ ምርጫ የነበረው ሳም ብራድፎርድ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት የስድስት ዓመት፣ 78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ከዚህም 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በደረሱበት አዲስ ስምምነት የጀማሪዎች ክፍያ በምርጫ ቁጥር ተወሰነ፤ የ2011 ቀዳሚ ምርጫ ካም ኒውተንም ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ፈረመ። ከዚያ በፊት በኳርተርባክ የተሳሳተ ቡድን ለዓመታት በዕዳ ይታሰር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የስህተቱ ዋጋ በገንዘብ በኩል በጣም ቀለለ።

የማግኘቱ ጥቅም ደግሞ በዚያው መጠን ከበደ። በ2024 የአንድ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም ለተጫዋቾቹ እንዲከፍል የሚፈቀድለት ከፍተኛው ገንዘብ፣ 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የዳላስ ካውቦይሱ ዳክ ፕሬስኮት በዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ሲፈርም፣ የቺካጎ ቤርስ ቀዳሚ ምርጫ ኬሌብ ዊሊያምስ የፈረመው ውል በአራት ዓመት ውስጥ 39.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በዓመት ሲሰላ ልዩነቱ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከጠቅላላው ጣሪያ አንድ አምስተኛ ይሆናል ማለት ነው። ጎበዝ ኳርተርባክን በጀማሪ ደመወዝ የሚያሰልፍ ቡድን ይህን ገንዘብ ለተከላካይ፣ ለኳስ ተቀባይና ኳርተርባኩን ከተጋጣሚ ለሚከላከለው የማጥቃት መስመር ማዋል ይችላል፤ በድራፍት የመጣ ተጫዋች ሦስት የውድድር ዘመን ሳይጨርስ ውሉን ማሻሻል አይፈቀድለትምና ይህ ዕድል ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቆያል። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ከሆነ ቡድኑ በራሱ ፈቃድ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ይህ መብት የለም። ባልቲሞር ሬቨንስ በ2018 ከፊላደልፊያ ኢግልስ ጋር ተለዋውጦ የመጀመሪያውን ዙር የመጨረሻ ቁጥር፣ 32ን፣ በመግዛት ላማር ጃክሰንን ሲመርጥ ይህ አምስተኛ ዓመት የልውውጡ አንድ ጥቅም ነበር።

ስለዚህ «ኳርተርባክ አስቀድሞ መምረጥ አደገኛ ነው» የሚለው አባባል የቀድሞውን ዘመን ሒሳብ የያዘ ነው። የዛሬው አደጋ ከገንዘቡ ይልቅ በሁለት ሌሎች ነገሮች ላይ ይገኛል፤ አንደኛው ወጣቱ የሚገባበት ቤት ነው፣ ሁለተኛው ቡድኑ ሰውየውን ያየበት ዓይን ነው።

ጎጆው ተቀልሷል ወይ?

ሙሽራ ከመምጣቱ በፊት ጎጆ ይቀለሳል። ከላይ የሚመርጡ ቡድኖች ደካሞች ስለሆኑ ግን ወጣቱ ኳርተርባክ ብዙ ጊዜ የሚገባው ጣሪያ በሌለው ቤት ነው። ሂውስተን ቴክሳንስ በ2002 አዲስ ሆኖ ሊጉን ሲቀላቀል በመጀመሪያው ምርጫው ዴቪድ ካርን ወሰደ፤ ወጣቱ በዚያ አንድ የውድድር ዘመን ኳሱን ሳይለቅ 76 ጊዜ በተጋጣሚ ተይዞ ወደቀ፤ ጨዋታው ሳክ የሚለው ይህን ነው፤ ቁጥሩም በሊጉ ታሪክ ከፍተኛ ነው። ካር የተሰጥኦ ችግር እንደ ነበረበት የሚያስረዳ ነገር ከመታየቱ በፊት ያልተሠራ መስመር ጎድቶታል። ኳርተርባክ ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ ዓይኑ ሜዳውን ማየት ትቶ የሚመጣበትን ሰው መፈለግ ይጀምራል፤ ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ከባድ ነው።

የቅርቡ ምሳሌ ካሮላይና ፓንተርስ ነው። በ2023 ከቁጥር 9 ወደ ቁጥር 1 ለመውጣት ለቺካጎ የዚያ ዓመቱን የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ምርጫውን፣ የ2024 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ የ2025 የሁለተኛ ዙር ምርጫውን፣ በዚያም ላይ ዋናውን ኳስ ተቀባዩን ዲ ጄ ሙርን ሰጠ። ብራይስ ያንግን የመረጠው ቡድን ያንግ ኳሱን የሚወረውርለትን ሰው ለዚያው ልውውጥ ከፍሎ ነበር ማለት ነው። ያንግ በመጀመሪያው ዓመት 62 ጊዜ ሳክ ተደረገ፤ ዋና አሰልጣኙ ፍራንክ ራይክ ዓመቱን ሳይጨርስ ተሰናበተ፤ ቡድኑ በ2 ድልና በ15 ሽንፈት ጨረሰ። አሳልፎ የሰጠው የ2024 ምርጫም በዚያ ውጤት ምክንያት ቁጥር 1 ሆኖ ቺካጎ ኬሌብ ዊሊያምስን ወሰደበት። በዚያው በ2023 ሂውስተን በራሱ ተራ፣ በቁጥር 2፣ ሲ ጄ ስትራውድን መርጦ በመጀመሪያው ዓመት ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ሻምፒዮኑ የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ገባ። የሁለቱን ወጣቶች ችሎታ ለማወዳደር የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ የሁለቱን ቤቶች ያወዳድር።

ዊሊያምስ ራሱም ከዚህ አላመለጠም። በ2024 በቺካጎ 68 ጊዜ ሳክ ሲደረግ የማጥቃት አሰልጣኙም ዋና አሰልጣኙም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ተሰናበቱ። በአንጻሩ ከእሱ ቀጥሎ የተመረጠው ጄይደን ዳንኤልስ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ አዲስ ባለቤት፣ አዲስ ዋና ሥራ አስኪያጅና አዲስ አሰልጣኝ አብረው፣ በአንድ ሐሳብ፣ ሥራ ጀምረው ነበር፤ በ2023 በ4 ድልና በ13 ሽንፈት የጨረሰው ቡድን በ2024 በ12 ድልና በ5 ሽንፈት ጨርሶ ለሊጉ የዋንጫ ጨዋታ፣ ለሱፐር ቦውል፣ አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ተጓዘ። በዚያ ክረምት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የአበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ እንኳ ስለ ፉትቦል ሲወራ የሰማሁት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነበር።

ይህን በራስዎ ለመመርመር ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። ባለፈው ዓመት የቡድንዎ ኳርተርባክ ስንት ጊዜ ሳክ ተደርጓል፣ ከአምስቱ የመስመር ተጫዋቾችስ በሚመጣው ዓመት የሚቀጥሉት ስንቶቹ ናቸው? ዋናው አሰልጣኝ ወጣቱን ከሚመርጠው ሥራ አስኪያጅ ጋር አብሮ ይቆያል ወይስ በዚህ ዓመት ሥራውን የማጣት ሥጋት አለበት? ሥራውን ሊያጣ የሚችል አሰልጣኝ ወጣቱን ለማሳደግ ጊዜ የለውም፤ በእሱ ምትክ የሚመጣውም ባልመረጠው ሰው ላይ ትዕግሥት አይኖረውም። ሦስተኛውን፣ ማለትም ኳስ ተቀባዮቹን፣ በዓይንዎ ብቻ መዳኘት ይችላሉ፤ ከእነሱ መካከል በተጋጣሚ ተከላካዮች ዘንድ የሚፈራ ቢያንስ አንድ ሰው መኖር አለበት። ከሦስቱ ሁለቱ ከጎደሉ የመጀመሪያውን ምርጫ ለመስመር ተጫዋች ማዋል ኳርተርባክን መተው አይደለም፤ ለሚመጣው ኳርተርባክ ቤት መሥራት ነው።

ይህ ሕግ ፍጹም አይደለም። ሲንሲናቲ ቤንግልስ በ2020 ጆ በሮውን መርጦ በደካማ መስመር ጀርባ አሰለፈው፤ ወጣቱ በዚያው በኖቬምበር እዚሁ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ሆኖም ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት መስመር ከማጠናከር ይልቅ ተቀባዩን ጃማር ቼዝን በቁጥር 5 መርጦ በዚያው ዘመን ሱፐር ቦውል ደረሰ። እጅግ የላቀ ኳርተርባክ የቤቱን ጉድለት ሊሸፍን ይችላል፤ ግን ቡድንዎ ያገኘው በሮውን የሚመስል ሰው ለመሆኑ ማስረጃው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ሰውየውን ያለ ችግር ዓይን መመዘን

በክረምት እህል የሚሸምት ሰው ዋጋ አይመርጥም። ኳርተርባክ የቸገረው ቡድንም እንዲሁ ነው፤ በሌላ ዓመት በሁለተኛው ዙር የሚያስቀምጠውን ወጣት ሌላ አማራጭ ሲያጣ ወደ መጀመሪያው ዙር ከፍ ያደርገዋል። በ2022 በመጀመሪያው ዙር የተመረጠው ብቸኛ ኳርተርባክ፣ በፒትስበርግ ስቲለርስ በቁጥር 20 የተወሰደው ኬኒ ፒኬት፣ ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ሌላ ቡድን ተላለፈ። ክሊቭላንድ ብራውንስ በ2012 በቁጥር 22 የመረጠው ብራንደን ዊደን በተመረጠበት ዓመት 28 ዓመቱ ነበር፤ ይህ ኳርተርባክ የሚበስልበት ዕድሜ እንጂ ለማስተማር የሚወሰድበት አይደለም።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ቡድኑ ዛሬ ጥሩ ኳርተርባክ ቢኖረው ኖሮ ይህን ልጅ በዚህ ቁጥር ይወስደው ነበር?» ጥያቄው ሐሳባዊ ይምሰል እንጂ በተግባር የተፈተነ ነው፤ ከዘመናችን ምርጥ ኳርተርባኮች ብዙዎቹ የተመረጡት በወቅቱ በእርግጥ ኳርተርባክ ባልቸገራቸው ቡድኖች ነውና። ግሪን ቤይ ፓከርስ በ2005 አሮን ሮጀርስን በቁጥር 24 ሲመርጥ ብሬት ፋቭ ገና እየተጫወተ ነበር፤ ሮጀርስ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ከተማረ በኋላ በ2008 ጀመረ፣ ለ2010 የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውልም በቃ። ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ በ2016 በ12 ድልና በ4 ሽንፈት ጨርሶ፣ አሌክስ ስሚዝ የሚባል የታመነ ኳርተርባክ እያለው፣ በ2017 ፓትሪክ ማሆምስን መረጠ። ሬቨንስም ጃክሰንን ሲመርጥ ጆ ፍላኮ ነበረው። እነዚህ ቡድኖች በፍርሃት አልመረጡም፤ ሰውየውን በሰውነቱ አይተው መረጡት። ደካማ ቡድን እንዲህ ያለ ቅንጦት እንደሌለው እረዳለሁ፤ ቢሆንም ያንኑ ዓይን መዋስ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የልጁን የኮሌጅ ታሪክ ይመርምሩ። እኔ አስቀድሜ የማየው ስንት ጨዋታ እንደ ጀመረ፣ ማለትም ከመነሻው ዋና ሆኖ እንደ ተሰለፈ፣ ነው፤ ምክንያቱም ኳርተርባክነት በአብዛኛው አይቶ የመለየት ሥራ ስለሆነ ያላየውን የተከላካዮች አሰላለፍ ሊያውቅ አይችልም። ቺካጎ በ2017 በቁጥር 2 የመረጠው ሚቸል ትሩቢስኪ በኮሌጅ የጀመረው 13 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በ2023 በቁጥር 4 የመረጠው አንቶኒ ሪቻርድሰንም እንዲሁ 13 ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ በ2021 በቁጥር 3 የመረጠው ትሬ ላንስ 17 ጨዋታ ጀምሮ፣ ከመመረጡ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ነበር። በሌላው ወገን በ2024 የተመረጡት ጄይደን ዳንኤልስ 55፣ ቦ ኒክስ 61 ጨዋታ ጀምረው የመጡ ሲሆኑ ሁለቱም በመጀመሪያ ዓመታቸው ቡድናቸውን ፕሌይኦፍ አስገብተዋል። ሆኖም ቁጥሩ ፍርድ አይደለም፤ ካም ኒውተን በኦበርን ዩኒቨርሲቲ ዋና ሆኖ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ሲሆን በ2015 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ጥቂት ጨዋታ ያለውን ልጅ መምረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ቡድኑ እንዲቀመጥና እንዲማር የሚያደርግበትን ጊዜ አብሮ ማሰብ አለበት።

ከቁጥሩ በኋላ ጨዋታውን ይመልከቱ። ረጅም ቅብብሎቹ በመገናኛ ብዙኃን ደጋግመው ስለሚታዩ ሁሉም ሰው ያያቸዋል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ተጋጣሚ ሲቀርበው፣ የመጀመሪያው ተቀባይ ሲዘጋበት፣ ኳሱን ለማራመድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች በሦስተኛው ላይ ገና ሰባት ወይም ስምንት ያርድ ሲቀረው የሚያደርገውን ነው። ዓይኑን ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ተቀባይ ያዞራል ወይስ ወዲያው ይሸሻል? የሚሸሽ ከሆነ ሲሸሽ ዓይኑ ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ መሬት? በኮሌጅ ሜዳ በእግሩ ፍጥነት የሚያመልጥ ልጅ በዚህ ሊግ እንደ እሱ የፈጠኑ ሰዎች ያሳድዱታል፤ ስለዚህ ማምለጡ ተጨማሪ መሣሪያ እንጂ መኖሪያው ሊሆን አይገባም። ጉዳት ያለበትን ደግሞ ዓይነቱንና ድግግሞሹን ይለዩ፤ አንድ ጊዜ የተሰበረ አጥንትና በየዓመቱ የሚመለስ የጉልበት ጉዳት አንድ አይደሉም።

ለመውጣት የሚከፈለው ዋጋ

ክርክሩ በጣም የሚከርረው ቡድኑ በራሱ ተራ ሳይሆን ከሌላ ቡድን ከፍ ያለ ቁጥር ገዝቶ ለመምረጥ ሲነሣ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ይህን ትምህርት በቅርብ አይተነዋል። በ2012 ቡድኑ ከቁጥር 6 ወደ ቁጥር 2 ለመውጣት ለሴንት ሉዊስ የዚያን ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ምርጫውን፣ የ2013ንና የ2014ንም የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ሰጥቶ ሮበርት ግሪፈንን መረጠ። የመጀመሪያው ዓመት እጅግ ያማረ ነበር፤ ግሪፈን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ፣ ቡድኑም ምድቡን አሸነፈ። በጃንዋሪ 2013 ግን በፕሌይኦፍ ከሲያትል ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፣ በ2016ም ተሰናበተ። የሚገርመው ያው ቡድን በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር፣ በቁጥር 102፣ ከርክ ከዝንስን መርጦ ነበር፤ ከ2015 እስከ 2017 ቡድኑን የመራው እሱ ነው። ግሪፈን ሲጎዳ ቡድኑን ሊያግዙ ይችሉ የነበሩት የሁለት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች በሌላ ቡድን እጅ ነበሩ። የመውጣት እውነተኛው ዋጋ ይህ ነው፤ ወጣቱ ሲወድቅ የሚይዘው መረብ አስቀድሞ ተሽጧል።

የኖቤል ተሸላሚው ኢኮኖሚስት ሪቻርድ ታለር ከኬድ ማሲ ጋር ባካሄደው የድራፍት ጥናት ቡድኖች ለቀዳሚዎቹ ምርጫዎች ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ አሳይቷል፤ በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ተከታታይ ተመራጮች ቀድሞ የተመረጠው የተሻለ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም የራቀ አልነበረም። ለዚህ የ2017ን ድራፍት ያህል ግልጽ ማስረጃ የለም። ቺካጎ ከቁጥር 3 ወደ ቁጥር 2 አንድ እርምጃ ለመውጣት ሦስት ተጨማሪ ምርጫዎችን ከፍሎ ትሩቢስኪን ወሰደ፤ ማሆምስ በቁጥር 10፣ ዴሾን ዋትሰን በቁጥር 12 ተከተሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ አንባቢ ትክክለኛ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ ማሆምስም የተገኘው በልውውጥ አይደለምን? በእርግጥ ካንሳስ ሲቲ ከቁጥር 27 ወደ ቁጥር 10 የወጣው ለቡፋሎ የራሱን ቁጥር፣ የዚያን ዓመት የሦስተኛ ዙርና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ሰጥቶ ነው። ልዩነቱ በሁለት ነገር ነው። የከፈለው አንድ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ብቻ ነበር፤ ቡድኑም ጠንካራ ስለ ነበር ያ ምርጫ በዙሩ ታችኛው ክፍል የሚውል ነበር። ፓንተርስ በተቃራኒው ደካማ ሆኖ የወደፊቱን ሸጠ፣ የሸጠውም ቁጥር 1 ሆነ። ከዚህ የምወስደው ሕግ የሚከተለው ነው፤ ቤቱ የተሠራ ቡድን ለአንድ ወጣት አንድ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ቢከፍል ይታገሡት፤ ቤቱ ያልተሠራ ቡድን አንድም የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አይክፈል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚከፍል ቡድን ደግሞ ማንም ይሁን ማን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ፎርቲናይነርስ ቤቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ በ2021 ላንስን ለማግኘት ከቁጥር 12 ጋር የ2022ንና የ2023ን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች፣ አንድ የሦስተኛ ዙርም ጨምሮ ከፍሏል። ላንስ ለቡድኑ የጀመረው አራት ጨዋታ ነው፤ በ2023 በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ተላለፈ። ቡድኑን ለ2023 የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል ያደረሰው በ2022 የመጨረሻ ሆኖ፣ በቁጥር 262፣ የተመረጠው ብሮክ ፐርዲ ነበር።

በኋለኞቹ ዙሮች ስለ መጠበቅ

ፐርዲንና በ2000 በቁጥር 199 የተመረጠውን የሰባት ሱፐር ቦውል ባለቤት ቶም ብሬዲን ጠቅሶ «ይቆይ፣ ይገኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ክርክር አልቀበለውም። ኒው ኢንግላንድ ራሱ ብሬዲን አምስት ዙር ሙሉ አልፎት ነበር፤ ያውቅ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይጠብቅም ነበር። በኋለኛ ዙር በየዓመቱ አንድ ኳርተርባክ መውሰድና ማስተማር መልካም ልማድ ነው፤ የቡድኑን ዕጣ በዚያ ላይ መጣል ግን ዕቅድ ሊባል አይችልም። መካከለኛ መንገድ ካስፈለገ በሁለተኛው ዙር፣ በቁጥር 53፣ ተመርጦ ፊላደልፊያን በ2024 የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ያደረገውን ጄለን ኸርትስን ያስቡ፤ እሱም ሲመረጥ ቡድኑ ሌላ ዋና ኳርተርባክ ነበረው።

ከተመረጠ በኋላ

ምርጫው ትክክል መሆኑ ከተመረጠ በኋላ በሚደረገው ነገርም ይወሰናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ብሂል ለማሆምስና ለሮጀርስ ሠርቷል። በሌላ በኩል ፔይተን ማኒንግ በ1998 ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ተሰልፎ 28 ኳስ ለተጋጣሚ ቢያስረክብም፣ ቡድኑም 13 ጊዜ ቢሸነፍ፣ በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ ተገልብጦ 13 ጊዜ አሸነፈ። ስለዚህ ወጣቱ ይጫወት ወይም ይቀመጥ ለሚለው የእኔ መለኪያ መስመሩ ነው፤ የሚከላከልለት ካለ ከስህተቱ ይማራል፣ ከሌለ ግን ከስህተቱ የሚማርበት ጊዜ እንኳ አያገኝም።

የተመረጠው ልጅ እንዳልሆነ ከታወቀም ቡድኑ በኩራት አይታሰር። አሪዞና ካርዲናልስ በ2018 በቁጥር 10 ጆሽ ሮዘንን መርጦ በ3 ድልና በ13 ሽንፈት ሲጨርስ፣ በ2019 ቁጥር 1 እጁ ላይ ስለ ወደቀ ካይለር መሪን መረጠና ሮዘንን ለማያሚ ሰጠ። ብዙ ሰው ያኔ ቡድኑን ወቀሰ፤ እኔ ግን ውሳኔው ድፍረትና ማስተዋል ያለበት ነበር እላለሁ፣ መሪ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የማጥቃት ተጫዋች ሆኖ ነበርና። ለልጁም ቢሆን ፍርዱ የመጨረሻ አይደለም። በ2018 በቁጥር 1 የተመረጠው ቤከር ሜይፊልድና በቁጥር 3 የተመረጠው ሳም ዳርኖልድ ከመረጧቸው ቡድኖች ወጥተው፣ አንዱ በታምፓ ቤይ፣ ሌላው በ2024 በሚኒሶታ፣ ቡድናቸውን ፕሌይኦፍ አስገብተዋል፤ ይህም ስለ ቤቱ የተናገርነውን ያጠናክራል።

በሚመጣው ኤፕሪል ድራፍቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወረቀት ይውሰዱና የዓመቱን ኳርተርባኮች እርስዎ በሚመዝኑበት ቅደም ተከተል፣ ቡድንዎ ኳርተርባክ ባይቸግረው ኖሮ እያንዳንዱን ከየትኛው ቁጥር ጀምሮ ይወስደው እንደ ነበር ከስሙ አጠገብ ጽፈው ቀን ያኑሩበት። ቡድኑ ከጻፉት ቁጥር ቀድሞ ከመረጠ ችግር ዓይኑን እንደ ያዘው ይጠርጥሩ፤ በጻፉት ቁጥር ወይም ከዚያ ዘግይቶ ካገኘው ደስ ይበልዎት። ወረቀቱን አስቀምጠው ቡድኖች ስለ አምስተኛው ዓመት መብት የሚወስኑበት ጊዜ ሲደርስ፣ ማለትም ከሦስተኛው የውድድር ዘመን በኋላ በሜይ ወር መጀመሪያ፣ ከልጆችዎ ጋር ቁጭ ብለው ይክፈቱት።